በሩን ያስከፈቱት መምህርት አሳየሽ ቦልቴ

መምህርት አሳየሽ ቦልቴ ከአባታቸው ከአቶ ቦልቴ ዳልኬና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ ሻንካ፣ ሻንቶ አቅራቢያ፣ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሻንቶ ጀምረው በሶዶ አጠናቀቁ። በ1973 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው አረካ ተመደቡ። እዚያ ሳሉ በ1976 ዓ.ም. ከአቶ አንጁሎ ዳና ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ሰብለንና ብሩን ወልደዋል። በ1985 ዓ.ም. ወደ ሶዶ ተዛውረው እንግሊዝኛ ማስተማር ቀጠሉ። ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት ስም እኔ ታናሽ ወንድማቸው ጌታሁን እንዳልጠራ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ለምነውኛልና አልጠራውም። ለቀስተኛው ግን ያውቀዋል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለባህል ልውውጥ የሚመጡ የውጭ አገር ወጣት ተለማማጆች በየዓመቱ ለሁለት ወር በትምህርት ቤቱ ይሠሩ ነበር። ቤታቸው የሚያሳድሯቸው፣ የሚያስተረጉሙላቸው፣ ሆዳቸውን ሲያማቸው የሚያስታምሟቸው መምህርት አሳየሽ ነበሩ። በመሸኛው ቀን ግን ንግግሩም ፎቶግራፉም የሌላ ሰው ነበር። እርሳቸው በዚህ ቅር ሲላቸው አላየሁም። ቅር ያላቸው በሌላ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ወላጆች ድንጋይና አሸዋ አቅርበው፣ ጉልበታቸውንም አዋጥተው፣ ውኃ የገባለት መጸዳጃ ቤት ተሠራ። ሲለመኑ ለተማሪው ነው ተብለው ነበር። ሥራው ሲያልቅ በሩ ላይ «ለእንግዶች ብቻ» ተብሎ ተጻፈ። እንግዶቹ ሲሄዱ ርእሰ መምህሩ ቆልፈው ቁልፉን መሳቢያቸው ውስጥ ያኖሩታል፤ ቤቱም እስከ ዓመቱ ባዶውን ይከርማል። የተማሪዎቹ መጸዳጃ መዝጊያ አልነበረውም። ስለዚህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ሴቶች ልጆች የወር አበባቸው ሲመጣ ከትምህርት ይቀሩ ነበር፤ ጥቂቶቹም በዚያው ቀሩ። የባህል ልብሳችንን ዱንጉዛ ለብሰው፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ እንግዶቹን በጭፈራ የሚቀበሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ይህን በቀብር ላይ ማንሣት ነውር ነው የሚለኝ ካለ፣ ነውሩ መቆለፉ እንጂ መነገሩ አይደለም እለዋለሁ።

መምህርት አሳየሽ በሩ እንዲከፈት ደጋግመው ለመኑ። የተሰጣቸው መልስ እንግዳ ማክበር የወላይታ ባህል ነው፣ ልጆቹ ካበላሹት ለሚመጡት ምን እናቀርባለን የሚል ነበር። ባህላችንን መልሰው ለእኛ ማስተማራቸው ነው! በአባታችን ቤት እንግዳ ሙቿ ቀርቦለት በልቶ ሲነሣ የተረፈው የልጆች ነበር። ሌላ እንግዳ እስኪመጣ ተብሎ ተቆልፎብን አያውቅም።

በ2001 ዓ.ም. እርሳቸው ቤት ያረፈች ኪርስተን የምትባል ዴንማርካዊት ተለማማጅ ጉዳዩን ከተማሪዎቹ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ያንን በር አልረግጥም ብላ በየዕረፍቱ ወደ መምህርቷ ግቢ መመላለስ ጀመረች። ርእሰ መምህሩ አላፈሩም፤ ይልቁንም ገበናችንን ለፈረንጅ አወጡብን ብለው መምህርት አሳየሽን ከሰሱ። እንግዶቹ በተሸኙ ማግስት እኅቴ ብረት ሠሪ ይዘው መጡና በጠዋቱ ሰልፍ፣ መምህሩም ተማሪውም እያየ፣ የበሩን ጓጉንቸር አስቆረጡት። ያን ጊዜ ለርእሰ መምህሩ የተናገሩትን እዚያ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል፦ «እንግዶቹ ሄደዋል። የቤቱ ባለቤቶች እነዚህ ናቸው።» በዚያው ቀን ልጆቹ ተጠቀሙበት።

እኅቴ የእጃቸውን ያገኙት በግምገማ ነው። የትምህርት ቤቱን ገጽታ አበላሹ፣ ሥርዓት ጣሱ ተባሉ። ለዓመታት አብረዋቸው ሻይ የጠጡ ባልደረቦች እጅ አውጥተው ፈረዱባቸው። የተቃወሙት መምህርት ዓመለወርቅ ብቻ ናቸው፤ ዛሬ እዚህ ስላሉ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነውና፣ እኅቴ በቅጣት ተዛውረው፣ ባልና ልጆቻቸውን ሶዶ ትተው ቤሌ ወረዱ። ቤሌም እንደ ደረሱ መጀመሪያ ያሠሩት ለሴቶች ልጆች መጸዳጃ መዝጊያ ነው። የሶዶው በር ግን እርሳቸው በሄዱ በሳምንቱ አዲስ ቁልፍ ገባለት።

በ2006 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ጠንቶባቸው ሥራ አቁመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሳምንታት በፊት ሊጠይቋቸው የመጡትን አንድ የቀድሞ ባልደረባ ከአልጋቸው ሆነው «ተከፈተ ወይ?» አሏቸው። ሰውየው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እኅቴም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው ትናንት ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በ55 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄደዋል።

መምህርት አሳየሽ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ አበባ ልኳል፤ አዳራሹንም በስማቸው እሰይማለሁ ብሏል። ቤተሰቡ አዳራሽ አልጠየቀም። ነገ ሰኞ ነው፤ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ይመጣሉ። በሩ ይከፈት።

ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል። ያዘንነውን ያጽናናን፤ ማፈር ያለብንንም ያሳፍረን። አሜን።