ከመጣ አንለቀውም

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሏ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክስ አለኝ። የላክሽልኝ የቤት ጫማ ይጮኻል። አንድ እርምጃ በሄድኩ ቁጥር እንደ ዳክዬ ጫጩት ጢጥ ይላል። ሐኪሙ ስኳር ከከለከለኝ ወዲህ ወደ ስኳሩ ቆርቆሮ የምሄደው ድምፄን አጥፍቼ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን ግን ገና ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "ወዴት ነው?" ትለኛለች። እውነቱን ንገሪኝ፣ ከእሷ ጋር ተመካክራችሁ ነው የገዛችሁት?

ክሴ እዚህ ላይ ያበቃል። እንደምን ከርመሻል፣ ልጄ? ጤናሽስ? ያ የትከሻሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሰው ሲጠራሽ እንደ ቁም ሣጥን በሙሉ አካልሽ ነው የምትዞሪው? ረጅሙስ እንዴት ነው? ባልሽን ረጅሙ ማለቴን እንዳትቆጪ፤ የባዕድ አገር ስሙን ልጥራ ስል ምላሴ ይተሳሰራል፣ እሱም ይስቅብኛል። አብራችሁ ያለችው እናቱስ ጉልበቷን ተሻላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ የዓይኗን ነገር ግን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ረጅሙ ቪዛ የተከለከለው ልቡ ስላልፈለገና ወረቀቱን እንደ ነገሩ ስለሞላ ነው ብለሻል። ከዚያ ወዲህ ባንድ ጠረጴዛ እየበላችሁ እንደማትነጋገሩ፣ እሱ ሳሎን እንደሚተኛ፣ አንቺም ብቻሽን እናትሽን ልታዪ መጥተሽ "ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያለሁ" እንዳልሽ ጽፈሻል። ይህን ደብዳቤ ሳትጨርሺ እባክሽ ምንም አትወስኚ። ቪዛውን ያስከለከለው ረጅሙ አይደለም። እኔ ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ የምንደዋወለው ከእናትሽ ቤት ስለሆነና እሷ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ደግሞ ስልክ ስይዝ ከአፌ የሚወጣው ቀልድ ብቻ ነው፤ ይህ ጉዳይ በቀልድ የሚነገር አይደለም። የተበላሸውም በቀልድ ነው።

እንግዳ የሚጠራ ሰው የሚሞላው ቅጽ አለ። የእናትሽ ዓይን ጽሕፈት ስለማያይላት ጋባዡ እኔ ሆንኩ። ቅጹን አምጥቼ እዚሁ ሶፋ የማድስበት ክፍል፣ የጨርቅ መቁረጫዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። የዚያን ቀን ደስታዬን ብታዪ! ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ፣ ወንበር ውስጥ ከተጠቀጠቀ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀመ ሰው የመንግሥት ቅጽ በገዛ እጁ ሲሞላ! መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። "እንግዳው የሚመለስበት ቀን" ለሚለው፣ "ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ከመጣ አንለቀውም" አልኩ። "በቆይታው ምን ይሠራል?" ለሚለው ደግሞ፣ "እሱ አናጢ፣ እኔ ሶፋ አዳሽ፤ ሥራ ሞልቷል። መዶሻውን አዘጋጅቼለታለሁ" አልኩ። ከታች ባዶ ቦታ ተረፈ። ባዶ ቦታ ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል፤ ስለዚህ "የሚስቱ እናት ፓስፖርቱን ትራሷ ሥር ትደብቀዋለች" ብዬ ሞላሁት። አንብቤ ለብቻዬ ሳቅሁ። በእኛ ቤት እንግዳ የሚጠራው እንደዚህ ነው። "መጥተህ ተመለስ" ተብሎ የተጋበዘ ሰው አይቼ አላውቅም።

መልሱ "አልተፈቀደም" ሆኖ ሲመጣ አንቺ ረጅሙን ስትቆጪ እኔ መሥሪያ ቤቱን ስረግም ከረምኩ። በመጨረሻ ልጣላ ሄድኩ። ስፖንጁ ወጥቶ የተንጠለጠለ ወንበር ላይ፣ ልጠግነው እጄን እየበላኝ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ባለመነጽር ሴት ፋይሉን አውጥታ ገለጠችልኝ። መልሶቼ ሁሉ ሥራቸው በቀይ ተሰምሮባቸዋል።

"አባባ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። "እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል አይደል?" አልኳት። "ያምራል። ግን እንግዳ ነው የጋበዙት ወይስ ሠራተኛ ነው የቀጠሩት? የሰው ፓስፖርት መደበቅስ እንደሚያሳስር ያውቃሉ?" አለች። "ኧረ ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው" ስላት መነጽሯን አወለቀችና፣ "እኔማ ገብቶኛል፣ እናቴም ሰው የምትጠራው እንዲሁ ነው። ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ግን ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ተመልሶ ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እርስዎ ደግሞ አይሄድም ብለው ፈርመዋል" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ፊርማውን አየሁት፤ የእኔው ነው።

ፋይሉን ስታገላብጥ የረጅሙን ወረቀቶች አየሁ። አንድም የጎደለ የለም። የአሠሪው ደብዳቤ አለ፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ አለ፣ የጋብቻ ወረቀታችሁ አለ፤ ሁሉም በየተራው ተደርድሯል። ከሁሉም ሥር ማንም ያልጠየቀው አንድ ወረቀት ነበር። በራሳችን ፊደል በእጁ የጻፈው ነው። ፊደሎቹ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተጋድሞ፣ "የሚስቴ እናት ዓይኗ ሳይደክም ፊቴን እንድታይ እፈልጋለሁ" ይላል። ስንት ጊዜ እየሰረዘ እንደተለማመደው እንጃ። ለአንቺ አልነገረሽም፤ ብታውቂማ ኖሮ እንደዚያ ብለሽ አትጽፊልኝም ነበር። ልቡ ያልፈለገ ሰው ይህን አይጽፍም፣ ልጄ። እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ሴትየዋም ወረቀት የምትፈልግ መስላ ዞር አለችልኝ።

እንደገና ማመልከት የሚቻለው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እኔም የቀድሞውን የሚሽር አዲስ ደብዳቤ ማያያዝ አለብኝ። ጽፌዋለሁ። "እንግዳው ይመጣል። ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ሥራ አይሠራም። ይሄዳል።" በቃ ይኸው ነው። የመጨረሻዋ ቃል ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። ገና ደጃፌን ያልረገጠን ሰው "ይሄዳል" ብሎ መጻፍ በሩን ፊቱ ላይ እንደ መዝጋት ሆነብኝ። ባለቤቴ አንብባው "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ።

ክፉውን ነገር ገና አልነገርኩሽም። የዓይን ሐኪሙ ለእናትሽ ሦስት ወር ብሎ ቃል አልገባላትም። ግራ ዓይኗ ጨልሟል። በቀኙ የሰው መልክ የምትለየው ሰውየው መስኮት ዳር ሲቆምላት ብቻ ነው። በስልክ የረጅሙን ፊት ስታሳዪያት "አየሁት፣ አየሁት" የምትልሽ እንዳይከፋሽ ብላ ነው፤ የሚታያት ብርሃን ብቻ ነው። ባለፈው "እስቲ መልኩን ንገረኝ" ብትለኝ፣ "አፍንጫው ቀድሞት በር ይገባል፤ እሱ በኋላ ይከተላል" አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀችና ሳቋን ስትጨርስ፣ "እኔ እኮ ራሴ ላየው ነበር" አለችኝ። ቪዛው ለምን ቀረ ስትለኝም "ሰው በዝቶባቸው ዘግይተው ነው" እላታለሁ። የአንድ ቀን ጨዋታዬ ከቀራት ብርሃን ላይ ሦስት ወር ወሰደባት። አንቺንና ረጅሙን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አሁን የምለምንሽ፣ ይህን እንዳነበብሽ ረጅሙን ከሳሎን አስነሺውና ቃል በቃል ተርጉሚለት፤ የአፍንጫውን ነገር ብቻ ዝለይው። ይቆጣኝ፣ መብቱ ነው። አንቺ ግን እሱን ይቅርታ ሳትጠይቂ አንድ ቀን እንዳታሳልፊ። ቪዛው እስኪደርስም አትጠብቂ፤ አንቺ ቀድመሽ ነይ፣ እሱ ይከተልሽ።

ለረጅሙ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላም ብያለሁ። እናቱን ጉልበትሽን ይማርልሽ በይልኝ። ያቺን ሶፋ የምትቧጭረውን ድመታችሁን ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ናትና ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሁለት ጉንጭሽን ትስምሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም

ቆይ፣ በሩ ተመታ። በዱላ ነው የተመታው። በመስኮት ሳይ እናትሽ ናት! ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ ማንም ሳይመራት፣ ብቻዋን። እንዲህ ካደረገች ስንት ጊዜዋ! "ክፈት እንጂ! መዶሻህ ዝም ካለ ለልጄ እየጻፍክ ነው። አንብብልኝ፣ እኔም የማስጨምረው አለኝ" እያለች ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽን ሳነብላት የሚያሳዝናትን መስመር እየዘለልኩ ነበር። ታላቅ እህቴ ናት፤ ፊቴን ባታየው ድምፄ ያሳብቅብኛል። ዛሬ አንድም መስመር አልዘልባትም። ልከፍትላት ነው።

አጎትሽ

ከሶፋ ማደሻው ክፍል፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን