አማቴና እኔ በአንድ ዴስክ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ተመዘገብኩ! ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ የእንግሊዝኛ ትምህርት። ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ በቃኝ፤ ሪሴፕሽን መቆም ነው የምፈልገው። ኃላፊው "እንግሊዝኛሽን አስተካክይና ነይ" ብሎኛል።

ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላኛው... ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን አስፈራኝ? ሌላኛው አማቴ ናቸው። ከክረምት ጀምሮ እኛ ጋ ናቸው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ። የሰፈሩን ሰው ግማሹን በእጃቸው ተቀብለዋል። አሁን የሚያዙት ሰው ስለጠፋ እኔን ያዙኛል። ፎጣ አስተጣጠፌን ሳይቀር አረሙኝ። እኔን! ቀኑን ሙሉ ፎጣ ሳጥፍ የምውለውን!

ደግነቱ ለዘለቄታው አይደለም። ሌላ ከተማ ያለችው የባሌ እህት ቤቷን አሳድሳ ስትጨርስ ትወስዳቸዋለች። እስከዚያ ቢያንስ ሁለት ቀን የራሴ ነው።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

አላምንም። ክፍል ስገባ ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ማን ተቀምጦ ባገኝ ጥሩ ነው? አማቴ! ባሌ ነው ያስመዘገባቸው። "ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል ብዬ..." ይላል ደግሞ። ደስ!

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከሳቸው ጎን በቀር ባዶ ቦታ የለም። ተቀመጥኩ። ዴስኩ ለሁለት ሰው ነው፣ መጽሐፉም ለሁለት አንድ። መምህሩ ልጅ እግር ነው፣ ከረባቱ ግን የሽማግሌ። ደንብ አለው፦ አንዱ ተጠይቆ ቢጠፋበት ጎኑ ያለው አንዴ ብቻ ሹክ ሊለው ይችላል። ከዚያ ካለፈ ሁለቱም ተነሥተው ይቆማሉ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ቆምን። ሹክሹክታ ያበዛሁት እኔ ነኝ? እሳቸው ናቸው። ያውም ተሳስተው።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ

መምህሩ ሰሌዳው ላይ ደረደረልን። አንድ ክፍል የሚማሩ ክላስሜት። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሲትሜት። አንድ ዴስክ የሚጋሩ ዴስክሜት። አንድ ቢሮ የሚሠሩ ኦፊስሜት። "መጨረሻው ላይ 'ሜት' ካለ፣ አንድ ነገር ይጋራሉ ማለት ነው" አለ።

አማቴ እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ እኔና እሷ አንድ ልጅ ነው የምንጋራው። እሱንስ ምን ይሉታል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ዴስኩን ደበደበ። መምህሩ ከረባቱን እየነካካ አማት በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል ነገራቸው። ቃል በቃል ሲፈቱት "በሕግ እናት" እንደማለት ነው።

"በሕግ? እኔና እሷ ፍርድ ቤት ነው እንዴ የተገናኘነው?" አሉና ወደኔ ዞሩ። "ዴስክሜት ይሻላል። አይሻልም?"

"ይሻላል" አልኩ። እየሳቅሁ ነው ያልኩት። እሳቸው ፊት ስስቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ይሆን?

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ዛሬ አንዴም አልቆምንም።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ

ቤት ውስጥም ዴስክሜት ማለት ጀምረዋል። "ዴስክሜት፣ ጨው በዝቷል።" "ዴስክሜት፣ መስኮቱ ይዘጋ።" ነገሩ ያው እርማት ነው... ግን አይቆጠቁጥም። ለምን ይሆን? "ምራቴ" ሲሉኝ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ነበር ትከሻዬ የሚከብደኝ። አሁን "ራስዎ ይዝጉት፣ ዴስክሜት" ብያቸው አረፍኩት። የባሌ ጉርሻ ጉሮሮው ላይ ቆመ። እሳቸው ተነሥተው ዘጉት።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። አማቴ ሪሴፕሽን ላለማምድሽ አሉኝ። የምግብ ጠረጴዛው መቀበያ ሆነ፤ እኔ ከኋላው ቆምኩ። እሳቸው የክት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ከበር ገቡ። ባሌ ሻንጣ ተሸካሚ ነው። ሻንጣው ውስጥ ምን ከተው እንደሆነ እንጃ፣ ያልበዋል።

በእንግሊዝኛ ክፍል ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ጠበበኝ አሉ። ለወጥኩላቸው። ይሸታል አሉ። እንደገና ለወጥኩላቸው። ይሄ ተሸካሚ ሰነፍ ነው አሉ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ባሌ "ኧረ እማዬ!" ሲል "ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር አይከራከርም" ብለው ከነሻንጣው ወደ ደጁ ደረጃ መለሱት።

በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "እኔን የቻልሽ ማንንም ትችያለሽ።"

ያውቃሉ ማለት ነው። አስቸጋሪ መሆናቸውን ድሮም ያውቁታል!

ኅዳር 25፣ ሰኞ

የባሌ እህት ደወለች። ቤቱ አልቋል። ለእናቷ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አዘጋጅታለች።

"የጀመርኩትን ጥዬ አላውቅም" አሏት አማቴ። "ኮርሱን ልጨርስና ነይ ውሰጂኝ።"

ባሌ በጆሮዬ "እፎይ በይ እንግዲህ" አለኝ። እፎይ አላልኩም። ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ ሽንኩርት የሚያስፈልገው ነገር ሳይኖር።

አይሂዱብኝ። ይኸው ጻፍኩት። ግን እንዴት ብዬ ነው የምላቸው? ልጃቸው ናት የጠራቻቸው። እኔስ መቼ በሄዱ ስል የከረምኩ ሰው አይደለሁ? በምን አፌ?

ታኅሣሥ 9፣ ሰኞ

ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነው። ያለፈ ጨረሰ። የወደቀ ኮርሱን ይደግማል አለ መምህሩ።

የወደቀ ይደግማል...

ታኅሣሥ 16፣ ሰኞ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ፈተናው የቃል ነው፣ በየዴስኩ። እኔ ተጠየቅሁ፣ መለስኩ። ከዚያ እሳቸው። መምህሩ ስዕል አሳያቸው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች። እነዚህ ምን ይባላሉ? አማቴ ዝም። ስንት ጊዜ ያጠናነው ነው! ፈርተው ነው ብዬ አሰብኩ። ወደኔ ዞሩ። ሹክ ማለት ይፈቀድልኛል፣ አንዴ።

"ክላስሜት" አልኳቸው።

ስህተት ነው። አውቄ ነው። ይውደቁና ይድገሙ፣ ይድገሙና ይክረሙልኝ... ይሄው ነበር ሐሳቤ።

አዩኝ። ረጅም አስተያየት። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው ክፍሉ እስኪያስተጋባ፦ "ኦፊስሜት!" ከዚያ በኋላ የተጠየቁትን ሁሉ እንደ ውሃ አወረዱት። አለፉ። ከኔ በልጠው!

መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ደጃችን ስንደርስ ቆሙ።

"አውቀሽ ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ለምን?"

"እንዲወድቁ።"

"እንድወድቅ!"

"የወደቀ ይደግማላ! የሚደግም ደግሞ... አይሄድም።"

ሳቃቸው መጣ፤ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ቁጭ እስኪሉ። "አንቺ ልጅ! ሰው 'ይቀመጡልኝ' ይላል እንጂ 'ይውደቁልኝ' ይላል?"

"አፍሬ እኮ ነው!"

"ስታፍሪ ልትጥይኝ!" እንባቸውን ጠረጉና እጄን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መልሱ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ዝም ያልኩት እኔም ለመውደቅ ነው። ልጄን 'አልመጣም' ማለት ከበደኝ። አንቺን ደግሞ 'ልቆይ' ማለት... ትፈልጊኝ አትፈልጊኝ በምን ልወቅ? 'ክላስሜት' ስትይኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲያ ለምን ብዬ ልውደቅ?"

አለቀስኩ። ሳቅሁም። ባሌ በሩን ከፍቶ ደረጃ ላይ ተያይዘን ሲያየን "ማን ሞተ?" አለ።

ታኅሣሥ 19፣ ሐሙስ

የባሌ እህት መኪናዋን ይዛ መጣች። እኛ ጋ መቆየት እንደሚፈልጉ ነገሯት። መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቆይታ ሳቀች። ሁለት ሳምንት ሰንብተውላት ሊመጡ ተስማሙ። እኔ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሪሴፕሽን ነኝ!

ቤቱ ጭር አለ። ጨው በዝቷል የሚል የለም።

ጥር 7፣ ሰኞ

ላለፉት አዲስ የተከፈተው ሁለተኛ ኮርስ ተጀመረ፤ አማቴ ሳይሄዱ ነው ሁለታችንም የተመዘገብነው። ትናንት ይደርሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጡም። ሦስተኛው ዴስክ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድ ረጅም ሰውዬ መጥቶ ባዶ ነው ወይ አለኝ። በእንግሊዝኛ፣ ሪሴፕሽን ላይ በተማርኩት ትህትና፣ ተይዟል አልኩት። ሌላም መጣ። ተይዟል። መምህሩ ሰዓቱን አየ። ማን ነው የያዘው ብሎ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት በሩ ተከፈተ።

ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ካፖርታቸው አቧራ ለብሶ፣ ከመናኸሪያ ቀጥታ። ለመምህሩ ይቅርታ እንኳ አላሉም።

"ዴስክሜት፣ ጠጋ በይ!"

ጠጋ አልኩ።