ስለ ተገለበጠው የእንሶስላ መደብና ስለማይዝገው ፊት

ይድረስ ለክቡር አቶ አምባዬ፣ ኮምቦልቻ ለሚገኘው «ለምለም ገላ» የቅባት ፋብሪካ የጥናት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ፊትዎ በገዛ ቅባትዎ ሳይዝግ እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ እኔም ሆጤ ተቀምጬ፣ እየዛግሁም ቢሆን አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎችዎ ደጄ ድረስ መጥተው የእንሶስላ ሥር ቀለም «አንቲኦክሲዳንት» የሚሉት እንዳለው፣ ብረት እንደሚዝግ የሰው ቆዳም እንደሚዝግ፣ ይኸው ቀለም ዝገቱን እንደሚከለክል ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሟች ባለቤቴ ሐዋ ዕድሜዋን ሙሉ እጇን ልታቀላ እንሶስላ ስትሞቅ ለጌጥ ይመስላት ነበር፤ ሳይንስ ላይ መሆኗን ሳታውቅ ሄደች፣ አላህ ይዘንላት።

ሁለተኛ፣ «ለናሙና ትንሽ እንውሰድ» ቢሉኝ ውሰዱ አልሁ። የቆጠርሁት ፊደል ጥቂት ነውና ናሙና ማለት እፍኝ መስሎኝ ነበር። ከዙሁር ሶላት ስመለስ ሐዋ በእጇ የተከለችው መደብ እንዳለ ተገልብጦ፣ ለዘር እንኳ አንዲት ሥር ሳትቀር አገኘሁት። ናሙናችሁ ይህን ያህል ከሆነ፣ «ሁሉንም ውሰዱ» ብል ኖሮ ቤቱንም ነቅላችሁ ትሄዱ ነበርና ስለ ቁጥብነታችሁ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ አቤት ልል ኮምቦልቻ ብወርድ ዘበኛዎ ከበር መለሰኝ፤ ባዶ እጄን ቤቴ እንዳልገባ ግን አንድ ብልቃጥ ቅባት ላኩልኝ። ዝገት ይከለክላል ስለተባለ የአጥር በሬን ማጠፊያ ቀባሁት። ዛሬም ያቃስታል፤ ምናልባት የበሩ ቆዳ ደረቅ ይሆናል።

የቀረውን ቁጥር ትቼ ልንገርዎ። የልጄ ልጅ ረውዳ ከአረፋ በኋላ ኒካህዋ ይታሰራል። ሐዋ ስትሞት «ረውዳዬ እንሶስላ የምትሞቀው ከዚሁ መደብ ነው» ብላ አደራ ጥላብኛለች። ሰዎች እንሶስላ ሰኞ ገበያ ሞልቶልሃል ይሉኛል፤ ሞልቷል ወላሂ፣ የሐዋ ግን እዚያ አይሸጥም። እንግዲህ ከመጋዘንዎ ያልተፈጨ ሥር ካለ፣ ለልጅቱ እጅ የሚበቃ፣ ለመደቡም ዘር የሚሆን ይመልሱልኝ።

እርጅና የሚባል ነገር በፋብሪካዎ በር እንዳያልፍ፣ ዘበኛዎም እኔን እንደመለሰኝ እንዲመልሰው ዱዓ እያደረግሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

የእንሶስላው ባለቤት የነበርሁት፣
ኑርሁሴን፣ ከሆጤ

ማስታወሻ፦ ሥሩ ተፈጭቶ አልቆ ከሆነም አይጨነቁ፤ ረውዳን ይዘን እርስዎ ዘንድ እንወርዳለንና እጇን ከብልቃጡ ያቅሉልን። ቅባታችሁ ግን ነጭ ነው። የሐዋን ቀይ የት እንዳደረሳችሁት ለሙሽራዋ ራስዎ ይነግሯታል።