የእማሆይ አንገት

ለውድ ወንድሜ ለፋንታ ገብረ ሕይወት
ጎንደር

እንደምን ከርመሃል? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ትምህርቱ፣ ተረኝነቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ እንዴት ይዞሃል? ያ ክረምት ያስያዘህ ሳልስ ለቀቀህ ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ሀብትነሽና ልጃችን ሰብለ ወንጌል ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እናታችን እማሆይ አመተ ሥላሴም ከጎንደር ከላክሃቸው ወዲህ እዚህ ቢቸና እኔ ቤት ናቸው፤ ወር ሊሞላቸው ነው። የእሳቸውን ነገር ኋላ እመለስበታለሁና ታገሠኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቴም ተናደድሁ። መምህራችሁ ተማሪዎቹን በእማሆይ አልጋ ዙሪያ ሰብስቦ በሽታው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ሰባቱም ጉበት ነው ማለታቸውን የጻፍህልኝ እኔን ለማጽናናት እንደሆነ ገብቶኛል። አላጽናናኝም። እነሱ ያዩዋቸው ለሩብ ሰዓት ነው። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ከቢቸና እሳቸው ወዳሉበት ሞጣ በጭነት መኪና እየተመላለስሁ ነው ጉበት ነው ያልሁት። ጭራሽ የእናታችን ሕመም ለአንተ ትምህርት፣ ለእኔ ኀፍረት ይሁን?

አልደብቅህም፤ ቀንቼብሃለሁ። አባታችን መሪጌታ ገብረ ሕይወት ሲያርፉ ከሁለታችን አንዱ ቶሎ ሥራ መያዝ ነበረበት። እኔ የአንድ ዓመት የጤና ረዳት ትምህርት ተምሬ ሥራ ገባሁ፤ አንተ ቀጠልህ። በዚህ ተጸጽቼ አላውቅም ነበር፣ እስካለፈው ሐምሌ ድረስ። ዘጠኝ ዓመት መርፌ ወግቼ፣ ቁስል አጥቤ፣ ሴት አዋልጄ ሐኪሙ ስባል ኖሬ፣ አንተ ለዕረፍት ሞጣ በገባህ በሳምንቱ ድሬሰሩ፣ ቁስል ጠራጊው፣ ሆኜ ቀረሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ ለእማሆይ የይለፍ ወረቀት ሲጽፍ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ እያየኝ፣ የዶክተሩ እናት ብሎ ጻፈ። ገና ሁለት ዓመት ይቀርሃል እኮ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

ያ የሞጣው ጠዋት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። እኔ እንደ ልማዴ ለሆዳቸውና ለእግራቸው እብጠት የሽንት ኪኒን ይዤ መጥቻለሁ። ኪኒኑ እብጠቱን ያጎድለዋል፤ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። አንተ አጠገባቸው ተቀመጥህና፣ እማዬ፣ ቀና በይ፣ ነጠላሽንም ከአንገትሽ ላይ አንሺው አልሃቸው። እኔ ክው አልሁ። ከመነኮሱ ወዲህ ከቆባቸው በታች እስከ አገጫቸው የሚጠመጥሙትን ነጠላ ፈትተው ያያቸው ወንድ የለም። እኔ ሥራዬ ሆኖ ስመረምራቸው እንኳ ሆዳቸውን በቀሚሳቸው ላይ እዳስሳለሁ፣ እግራቸውን ጫን አደርጋለሁ፣ ዓይኔ ግን መሬት መሬት ነው። አንገትዎን ይግለጡ ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። ለአንተ ግን ወዲያው ፈቱት። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሳለ የአንገታቸው ደም ሥር እስከ ጆሮአቸው ሥር ተገትሯል። ጉበት ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ የልባቸውን ሽፋን ቲቢ ይዞት፣ ውኃ ቋጥሮ ልባቸውን አላላውስ ብሎት ይሆናል አልህ። ጎንደርም በራጅ ሲታይ እንዳልኸው ሆነ። በዕውቀትህ ቀናሁ። ለአንተ በመግለጣቸው ግን የባሰ ቀናሁ።

አሁን ደግሞ የእኔን ስማ። መርፌውን ሞጣ ይወጉ፣ ኪኒኑን በየጠዋቱ ይዋጡ ብለህ ጽፈህ ነበር። እኔ ሌላ እጅ እንዲነካቸው አልፈለግሁምና ቢቸና አመጣኋቸው። ጠዋት ጠዋት እኔው እወጋቸዋለሁ። መርፌው ጆሮ እንዳይጎዳ ተጠንቀቅ ያልኸውንም አልረሳሁም፤ ጭው ይልብዎታል ወይ እያልሁ እጠይቃለሁ። እሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሀብትነሽ ነጠላቸውን ልታጥብ ብትወስደው ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘች። ብትፈታው አሥራ አንድ ኪኒን! ብጠይቃቸው፣ ጎንደር ሳሉ ፍልሰታ ገብታ ነበርና፣ በጠዋት የሚሰጣቸውን ኪኒን የዋጡ መስለው በእጃቸው ጨብጠው ያስቀሩ ኖሯል። ጾሜን በጠዋት አልገድፍም፣ የልጄን መድኃኒት መጣልም አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ቋጠርሁት አሉኝ። አየህ ዶክተር፣ አንገታቸውን ገለጥህ እንጂ የነጠላቸውን ጫፍ አልፈታህም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ደስ አለኝ። ደስታው ግን ከምሳ አላለፈም፤ እንዲህ ባለ በሽታ መድኃኒት ማቋረጥ የሚያመጣውን እኔም አውቃለሁና ፈራሁ። አልተቆጣኋቸውም። የጾም ቀን ኪኒናቸውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወርሁት፤ እህል ሲቀምሱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር በእጄ እሰጣቸዋለሁ፣ እስኪውጡም ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልቀረ። ይህን ለመምህርህ ንገረው፤ ስምንተኛው ተማሪ ቢቸና ነው ያለው በለው።

ሀብትነሽ ደጋግማ ሰላም ብላሃለች፤ ለሳልህ ማር በማሰሮ አዘጋጅታ መንገደኛ እየጠበቀች ነው። ሰብለ ወንጌል ጉንጭህን ስማሃለች፤ ሳድግ እንደ አጎቴ ዶክተር እሆናለሁ ትላለች፣ እንደ አባቴ አላለችም። እህታችን አየሁሽ ከነልጆቿ ከሞጣ ሰላምታ ልካልሃለች። እማሆይን ጎንደር ሳሉ በማስታመም ለረዱህ ለወይዘሮ ጥሩአየሁ ምስጋናዬን አድርስልኝ።

እማሆይም እግዚአብሔር ይባርክህ ብለውሃል። ዛሬ ጠዋት መርፌውን ወግቼ ዕቃዬን ስሰበስብ፣ ሳልጠይቃቸው ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ ፈቱና፣ እስቲ ፋንታ እንዳየው አድርገህ እየው አሉኝ። ስምህ እዚህም ገባ! ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ደም ሥሩ አይታይም። ጎንበስ ብዬ ደግሜ ባየው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። እንግዲህ ወንድሜ፣ ደም ሥሩን ተገትሮ ያየኸው አንተ ነህ፤ ወርዶ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ወንድምህ
አካለ ወልድ ገብረ ሕይወት
ቢቸና፣ መስከረም 24 ቀን 1976 ዓ.ም.