ሦስት ጊዜ የተለካው መጋረጃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የጠዋት ቆጠራ፦ የተቆረጠ መጋረጃ 64። የተሰፋ 41። ተመልሶ የመጣ 12። ከሠራተኛ የቀረ 1።

ለባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የእህትሽ እግርስ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በቀን መዝገቤ ገጽ ላይ ነው፤ ሌላ ወረቀት ፍለጋ ብነሳ ሐሳቤ ይበተንና ነገ እጽፋለሁ ብዬ እተወዋለሁ። ገጹን ቀድጄ እልክልሻለሁ። ከላይ ያለውን ቆጠራ እለፊው ልልሽ ነበር፤ ግን ያስጻፈችኝ የመጨረሻዋ አንድ ናት።

የቀረው ቆራጩ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ አልመጣም። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልቀረም ብል ዋሸሁ፤ ሁለት ቀን ቀርቷል፣ ሁለቱንም ቀን አስቀድሞ ተናግሮ። የፈራሁትም ለዚህ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ የገባው ደንበኛ ሲሆን ቅር ይለኛል። ነጋዴ ደንበኛ ሲገባለት ቅር ካለው ምን ቀረው?

ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ። ያን በእጅሽ ገልብጠሽ የላክሽልኝን ወረቀት ታስታውሽዋለሽ? እዚያ አዲስ ከገባሽበት መሥሪያ ቤት ሥልጠና ያመጣሽው፣ የሰው ጠባይ አራት ዓይነት ነው የሚለው፦ ቸኳይ፣ ተጫዋች፣ ታጋሽ፣ ጠንቃቃ። እያንዳንዱን እንዴት እንደሚያናግሩትም ተጽፎበታል። ከታች "ለሥራው ይጠቅምህ ይሆናል" ብለሻል። ሌላ ነገር ጽፈሽ እንደሆነ ብዬ ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

ወረቀቱን ወደድኩት። ተለይቶ የተቀመጠ ነገር ይገባኛል። ጥቅል ጨርቅ ሲገባ ምን እናደርጋለን? ዓይነቱንና ስፋቱን ካርቶን ላይ ጽፈን እንሰቅልበታለን። ሠራተኞቹንም እንደዚያው አደረግኳቸው። ለየሰው ካርቶን ቆርጬ፣ ዓይነቱን ጽፌ፣ ከየሥራ ቦታው በላይ ሰቀልኩ።

ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ ያልናት፣ "ተጫዋች" ደረሳት፤ ለገባው ደንበኛ ሁሉ እያሳየች ዋለች። ሁለቱ ሰፊዎች "ታጋሽ" ሆኑ። ለቆራጩ "ጠንቃቃ" ብዬ ጻፍኩና ካርቶኑ ላይ ቦታ ስለተረፈ ከሥሩ "ቀስ ይላል" ብዬ ጨመርኩ። ያቺ አንቺ በላክሽው ላይ የለችም። የራሴ ናት።

ሬዲዮ መቼ ታልፈዋለች! "ጠንቃቃው፣ መቀሱን የሚያነሱት አስፈቅደው ነው ወይስ እንዲሁ?" አለችው። ሰፊዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ካርቶኑን አውርዶ ለሁለት አጠፈውና ኪሱ ከትቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔም በሳቅ አለቀ ብዬ ተውኩት።

በዚያው ሳምንት የሆስፒታሉ ትዕዛዝ መጣ፤ በአልጋና በአልጋ መሃል የሚዘረጋ መጋረጃ፣ ስልሳ አራት። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረጋው ቆራጩ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና "በሙቅ ውሃ ነው የሚያጥቡት?" አለኝ።

"የሚያጥቡት እነሱ፣ እኛን ምን አገባን? ቁረጥ።"

ሜትሩን ዘረጋና ለካ። ጠመኔውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። እንደገና ለካ። ሦስተኛ ሲጀምር ትዕግሥቴ አለቀ። "ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እውነቴን ነው!" አልኩት፣ ሁሉም እየሰሙ።

"እሺ" አለና ቆረጠ። በሁለት ቀን ስልሳ አራቱንም።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ላክን። በሙቅ ውሃ ታጥበው ተሰቀሉ። ቅዳሜ ጠዋት የነርሶቹ አለቃ መኪና ላይ አስጭናቸው ራሷ መጣች። አንዱን አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። "እኔ ያዘዝኩት መጋረጃ ነው፤ እርስዎ የላኩልኝ አጭር ቀሚስ ነው" አለችኝ። አንድ ስንዝር ተኩል አጥሯል። ስምንት ቀን ሰጥታኛለች። ከዚያ ካለፈ ሥራውን ለሌላ ቤት ትሰጣለች።

እሷ እንደወጣች ቆራጩ ላይ ጮኽኩበት።

"ይህን እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎታለሁ።"

"መቼ?"

"ሦስት ጊዜ ለካሁ እኮ፣ ጋሼ።"

ሽርጡን አውልቆ አጠፈና ወንበሩ ላይ አኖረው። መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። መቀሱ የገዛ ራሱ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያድረው።

ትናንት ሌላ ቆራጭ አስመጣሁ። ከግርጌው ጨርቅ ይቀጠልበትና ይድናል አለኝ። ስንት ይቀጠል ብዬ ስጠይቀው "እርስዎ እንደመሰለዎት" አለ። አመስግኜ አሰናበትኩት። እኔ እንደመሰለኝ የተሠራው ነው እዚህ ያደረሰን። ከመንገዱ ማዶ ያለው መጋረጃ ቤት ደግሞ የኛን ቆራጭ ስልክ ሲያጠያይቅ ነበር አሉ።

ከሰዓት ላይ ሬዲዮ ካርቶኖቹን ሁሉ ከግድግዳው ሰብስባ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ በቀልዴ የጀመርኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ቀለድሽ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"እትዬ እንደ ድሮው ከኛ ጋር ሱቅ ቢውሉ ኖሮ እዚህ አይደርስም ነበር።"

"ምን ታደርግ ነበር?"

"ደጋግሞ ሲለካ ካዩት የያዙትን ጥለው ይመጣሉ። 'ምን ታየህ?' ይሉታል፤ ከዚያ ዝም። የመጋረጃ ቀለበት እየለዩ አጠገቡ ቁጭ ይላሉ። ምሳ ሰዓት ሁሉ የሚደርስበት ጊዜ አለ እኮ፣ እኔ ብሆን እፈነዳለሁ! በመጨረሻ እሱ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል፤ እሳቸው ደግሞ ወደ እርስዎ መጥተው 'ይሄ ጨርቅ ይታሰብበት' ይሉዎታል።"

ያን ሁሉ ዓመት ጨርቅ የምታውቂው አንቺ ትመስይኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአምናውን መዝገብ እያገላበጥኩ ነው። እንዲህ ያለ ጨርቅ ገብቶልን ያውቅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነበር። ሌላ ነገር አገኘሁ። "ሰኔ 3፦ ባለቤቴ የቁም ሣጥኑን ልብስ አውጥታ፣ ሁሉንም አጥፋ መለሰች። ሰኔ 9፦ ደገመችው። ሰኔ 20፦ ደገመችው፤ ምሳ ዘገየ።" ስለ ምሳው ነው የጻፍኩት። ሐምሌ 2 ወደ እህትሽ ስትሄጂ ሻንጣሽን ይዤልሽ "ሁለት ሳምንት ይበቃሻል አይደል?" አልኩሽ። "እሺ" አልሽኝ። ይኸው ሰባት ወር አለፈ።

ይህን ምን እንዳመጣብኝ እንጃ፤ የምጽፍልሽ ስለ መጋረጃው ነበር።

በወረቀቱ መሠረት እኔ ቸኳይ ነኝ። ቸኳይ ሰውን በአጭሩ ንገሩት ይላል። በአጭሩ መናገር የማይሆንለት ሰው አጠገቡ ቢኖርስ? እሱን አይልም። ደጋግሜ ፈልጌዋለሁ፣ የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምን ታየሽ? ለመልሱ ቀን አልቆርጥልሽም። "ደረሰሽ ወይ?" ብዬም አልደውልም። ይህን መጻፉ ቀላል ነው፤ ቁጭ ብዬ መጠበቁ እንደሚከብደኝ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ቢሆንም አልደውልም።

ያለሽበት ቤት ሰላም ይሁንልሽ፤ ሥራሽም ይቅናሽ። እህትሽን ፈጣሪ ያለ ምርኩዝ ያስኬዳት፤ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ባለቤትሽ

የነገ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ቆራጩ ቤት መሄድ። ሱቁን ሬዲዮ ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ሌላ ቀጠሮ አልያዝኩም።