ሁለት በር ጎደላት ስለተባለችው መኪና

ለክቡር አቶ ደምመላሽ
የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ባለቤትዎ በደስታ፣ መርሰዲስዎም በመልካም ድምፅ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የመርሰዲስዎን ጤና ከቤተሰብዎ ጤና ጋር አብሬ መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ወደ ታች ሲያነቡ እንደሚረዱት፣ እኔና ጋሽ ፈለቀ ለዚያ መኪና ከእርስዎ ይልቅ የምናስብበት ምክንያት አለን።

እኔ ፈድሊያ ሀቢቡላህ እባላለሁ፤ አወቱ መንደራ፣ ዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ቁጡ ሰው አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ስነግድ ደንበኛ ላይ ጮኬ አላውቅም፤ ሱቄን ስዘጋ የዕለቱን ነገር በደብተሬ እጽፋለሁ፣ የተጻፈ ነገር ደግሞ ስለማይረሳ መቆጣት አያስፈልገኝም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ ከዚያ ደብተር የተቀዳ ስለሆነ፣ ቀኑን ተሳስተሻል ለማለት እንዳይደክሙ በትሕትና አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መኪናዋ ጥቂት ልበል፤ ክቡርነትዎ ሰባት ወር አቆይተዋት ምን እንደሆነች ሳያውቁ ነው የመለሷት። ኦፔል ኮሞዶር ናት፤ በ1963 ዓ.ም. የተሠራች፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር እና ሁለት በር ያላት። አጋሮ አጠገብ ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጓሮ፣ ዶሮ ሲያድርባት ነው ያገኘኋት። የገዛኋትም ቆራርጬ ዕቃዋን ልሸጥ ነበር። ጎረቤቴ ጋሽ ፈለቀ፣ በዚህ ከተማ አርባ ዓመት ሞተር የፈቱ መካኒክ፣ ኮፈኗን ከፍተው አዩና «ፈድሊያ፣ ይቺን የሚቆርጥ እጁ ይቆረጥ» አሉኝ። እጄን ስለምወድ አልቆረጥኳትም። ለአሥራ አንድ ዓመት እኔ ዕቃ ፈለግሁ፣ እሳቸው ሠሩ።

የከተማችን ሰው ላንድ ክሩዘር ያደንቃል፣ ቪትዝ ይገዛል፣ መርሰዲስ ሲያልፍ ከወንበሩ ይነሳል። ለኮሞዶር የሚነሳ የለም። «ከኋላ የተቀመጠ ጉልበቱን አቅፎ የሚሄድባት መኪና ምን ታደርጋለች፣ ስንት ጆንያስ ትችላለች?» እየተባልን ኖረናል። እኔም ነጋዴ ነኝና ጥያቄው ይገባኛል። መልሱን ያገኘሁት ግን ከጋሽ ፈለቀ ጎን ተቀምጬ የሰኮሩን መንገድ ስሄድ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ለእሽቅድምድም አልተሠራችም፤ ጅማ ቁርሱን የበላ ሰው አዲስ አበባ ሲወርድ ኮቱ ሳይጨማደድ፣ ጆሮው ሳይጮህ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የጀመረውን ወግ ሳያቋርጥ እንዲደርስባት ነው የተሠራችው። ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀየር ትወጣለች። ኩርባ ላይ ወገቧን አታወዛውዝም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ የሚያያት ሰው ሳይኖር ነው፤ አፍንጫዋ ላይ ኮከብ የለምና።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። የጅማ አየር ስስ ነው፣ የግቤ ቆላ አየር ወፍራም ነው። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለጅማ ከተስማማ ቆላ ሲወርድ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቆይቶም ቫልቩ ይቃጠላል። ጋሽ ፈለቀ ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ቀላል ነበር። ሰኮሩ ላይ ይቆማሉ፣ ሻይ ያዛሉ፣ ሻዩ እስኪበርድ ካርቡራተሮቹን ከፍተው ነዳጅ የሚያልፍባቸውን አራት ትናንሽ ባለ ቀዳዳ ነሐሶች ያወጡና ቀዳዳቸው ሰፋ ያለ ሌሎች አራት ያስገባሉ። ሲመለሱ እዚያው ቆመው የደጋዎቹን ይመልሳሉ። ቀዳዳዎቹን በእጃቸው ነው የለኳቸው፤ ልኩን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። የቆላዎቹ አራት ነሐሶች በአንድ የከረሜላ ቆርቆሮ ይቀመጣሉ። ይህችን ቆርቆሮ እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ባለፈው ዓመት መስከረም 27 ቀን ግቤ ድልድይ ድረስ ወርደን ሳትግል ተመለስን። ደብተሬ «አልሐምዱሊላህ፣ አለቀች» ይላል። በጥቅምት ሐኪም የጋሽ ፈለቀን ዓይን አየና፣ እስከ ፋሲካ ያለዎትን ብርሃን ይጠቀሙበት አላቸው። እሳቸውም አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ መሪዋን ራሳቸው ይዘው፣ መንገዱን እያዩ፣ አዲስ አበባ ደርሰው መመለስ። የቀረን ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ነበር። ስለዚህ ኅዳር 9 ቀን ጠዋት ክቡርነትዎ ዘንድ መጣን። አቤቱታዎቼም ከዚህ ይጀምራሉ።

፩ኛ. መርማሪዎ ወጣት ፈየራ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞራት። «ባልበላ ለማ ቆፋ?» አለ፣ በሩ ሁለት ብቻ ነው ወይ ማለቱ ነበር። ጋሽ ፈለቀ «አዎ ልጄ፣ ከእናቷ ሆድ እንዲሁ ነው የወጣችው» አሉት፤ ልጁም ሳቀ። ቅጹ ላይ ግን አውቶሞቢል ማለት ባለ አራት በር ነውና ግራ ገብቶት ወደ ቢሮዎ ገባ። ክቡርነትዎ ከወንበርዎ መነሳት፣ ወይም በመስኮት መመልከት ሳያስፈልግዎ፣ በገዛ እጅዎ «ሁለት በር የጎደለው፤ ይጣራ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ፤ አስለብጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ደንበኞቼም ዕቃ እስኪመጣላቸው ያነቡታል። በዚያው ቀን ባጃጆችን አራተኛ እግራችሁን የት ጣላችሁ ብለው ስላላሰሯቸው የባጃጅ ነጂዎች ምስጋና በእኔ በኩል ይድረስዎ።

፪ኛ. «ይጣራ» የተባለው ሰባት ወር ፈጀ፤ መኪናዋም ግቢዎ ታስራ ቆየች። ጋሽ ፈለቀ ማክሰኞ ማክሰኞ ጣቢያዎ በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ሃያ ስምንት ማክሰኞ። በጥር ብቻቸውን ይመጡ ነበር። በመጋቢት ግድግዳ እየዳሰሱ። መጋቢት 16 ቀን ክቡርነትዎ ከቢሮ ሲወጡ ኮትዎን ያዝ አድርገው «ጌታዬ፣ ዓይኔ ሳይሄድ አንዴ ብቻ ልንዳት፣ ከዚያ እዚሁ አምጥቼ አስረክባለሁ» ብለው ለመኑዎት። እርስዎም በአባትዎ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ብለው «ሽማግሌ፣ መኪናህ እግር የላት፣ አትሸሽም፤ ምን ያጣድፍሃል?» አሏቸው። እውነት ነው፤ መኪናዋ አልሸሸችም። የሸሸው ሌላ ነገር ነው። ፋሲካ አለፈ። በግንቦት መጨረሻ በር ድረስ እጃቸውን ይዤ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት በሩ ክፍት ይሁን ዝግ የጠየቁት እኔን ነው።

፫ኛ. ኮፈኗን ከፍተው ለዝናብ ስለተዉልን፣ ሞተሯን ለማጠብ ከምናወጣው ድካም አድነውናልና እናመሰግናለን።

፬ኛ. ሰኔ 14 ቀን «ጉድለት የለበትም» በሚል ወረቀት ተመለሰችልን። ሁለቱ በሮች ግቢዎ ውስጥ በቅለው እንደሆነ ብዬ ዞሬ አየሁ፤ አልበቀሉም። ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሞተሯ ያስነጥሳል፣ ቆማ እንኳ ሳትጠፋ አንድ ደቂቃ አትቆይም። ጋሽ ፈለቀ ኮፈኑ ሥር እጃቸውን ሰደው ካርቡራተሮቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልጽፍም፤ ደብተሬም ላይ አልጻፍኩትም። «እነዚህ የእኔ አይደሉም» አሉ። በሙቀት የጠመሙ፣ ክዳናቸው የማይገጥም ሌሎች ነበሩ። የኮሞዶርና የእርስዎ ዓይነት አሮጌ መርሰዲስ ካርቡራተር የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የምሸጠው እኔ ነኝና። ከገና በፊት መርሰዲስዎ በየመብራቱ እየጠፋች ስትገፋ ያላየ የጅማ ሰው የለም። ከጥምቀት በኋላ ግን ማሻአላህ፣ እንደ ሙሽራ ተነሳች።

ክቡርነትዎ በዚህ ላይ ስለ ስርቆት እያወራሁ እንዳይመስልዎ። እኔ ናሙና ሳላይ ዕቃ አልገዛም፣ ወሬም አልገዛም። ነሐሴ 5 ቀን ጋሽ ፈለቀ እንደ ወትሮው ሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ መኪና አለፈ። ብድግ ብለው «ፈድሊያ፣ የእኔን ካርቡራተር ማን ጭኖ ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ቀና ስል እርስዎ ነበሩ፣ መስኮትዎን ዝቅ አድርገው፣ ክንድዎን አውጥተው። አላመንኩም። ለአሥር ቀን ምንም ሳልነግራቸው በር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ በቀን ሁለት መቶ መኪና ያልፋል። አሥሩንም ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተነሱ፣ አሥሩንም ቀን ለእርስዎ። ከተማው ለመርሰዲስዎ የሚነሳው ለኮከቡ ነው፤ ለውስጧ የሚነሳ ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አያያትም።

ይህም አልበቃኝም። አባቴ ከሊሙ ቡና ሲልክ በየጆንያው ሆድ አንድ ቀይ ክር የታሰረበት ፍሬ ይጨምር ነበር፤ መንገድ ላይ ጆንያ ቢለወጥ አፉን ሳይሆን ሆዱን ጠይቁት ይል ነበር። ልማዱን ለጋሽ ፈለቀ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በሁለቱም ካርቡራተሮች ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በምስማር የተመታች አንዲት «ፈ» አለች። ክቡርነትዎ ስምዎ በ«ደ» ስለሚጀምር፣ ይህች ፊደል ኮፈንዎ ሥር እንዴት እንደገባች ለማወቅ ይጓጉ ይሆናል። ክዳኑን የያዙት ጥቂት ብሎኖች ናቸው። መፍቻ ከሌለዎ ከሱቄ በነፃ እሰጣለሁ፤ ዘብ፣ ዳኛ ወይም አላፊ አግዳሚ ቢያስከትሉም ደስ ይለኛል።

ማመስገን የሚገባኝንም አልረሳም። የማንም ዓይን የማያርፍባትን መኪና መርጠው ከውስጧ ምርጡን ስለወሰዱ እናመሰግናለን፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጋሽ ፈለቀን ሥራ ዋጋ የተረዳ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኛ እርስዎ ነዎት። ካርቡራተሮቹን እንዲመልሱ አልጠይቅም። በሰኔ ቢሆን እጠይቅ ነበር፣ በመጋቢት ቢሆን እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር፤ አሁን ግን ኮሞዶሯን የሚነዳት ሰው የለም። ጋሽ ፈለቀ የሚለምኑዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሱቄ በር ማለፍዎን እንዳይተዉ። ሥራቸውን የሚሰሙት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

ወንበርዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ቅጽዎም አራት በሩን እንደጠበቀ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ደብተሬን ገልጬ በአክብሮት የምጠብቅዎ፣

ፈድሊያ ሀቢቡላህ
አወቱ መንደራ፣ ጅማ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሳልረሳው፤ ኅዳር 14 ቀን ልጅዎን አዲስ አበባ እንደሚድሩ፣ ሙሽራውን ይዛ አጀቡን የምትመራውም መርሰዲስዎ እንደሆነች ከጥሪ ካርድዎ አንብቤ ደስ ብሎኛል። የደጋ ካርቡራተር ይዘው ግቤ ይወርዳሉ ማለት ነው። ሰኮሩ ላይ ለምን እንደሚቆም ግን የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ካርቡራተሮቹን ሲወስዱ የከረሜላዋ ቆርቆሮ ጋሽ ፈለቀ ኪስ ውስጥ ነበረች። አሁን ከሱቄ መደርደሪያ ላይ፣ «ለሽያጭ አይደለም» ከሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጣለች። ከትናንት ወዲያ እርስዎ ሲያልፉ ጋሽ ፈለቀ ሰምተው፣ አራተኛው ቫልቭ ከወዲሁ ማፏጨት ጀምሯል፣ ከቆላው ዳገት አይወጣም አሉኝ። ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሃያ ስምንት ማክሰኞ በራቸው ላይ ቆሜ ስለምናቸው እኔን አልሰሙኝም፤ እንግዲህ እሷን ይስሟት» አሉ።