አስር ጣት ይዞ የመጣው ልጄ

እኔ ቢና ሪቨርስ፣ የተወለድኩበትን ዓመት የሚያውቅ ሰው በሕይወት ስለሌለ ሰባ አልፎኛል ብዬ የምገምት፣ በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ የሬቨን ደሴት ነዋሪ፣ ደረቴ ቢዘጋም አእምሮዬ ያልታወከ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኦክቶበር 9 ቀን 1874 በአልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፈው የትምህርት ቤታችን መምህር ኦባድያ ነው። የሚሰሙት ዲያቆን ፕሪንስና ወይዘሮ ቲርዛ ናቸው። መምህሩን፣ «የምለውንም፣ የሚመለስልኝንም ሳታሳምር ጻፍ» ብዬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሬሳዬ። ባሌ ኩፊ የተቀበረው፣ ባርነት በቀረበት ዓመት የመንግሥት ወታደሮች ለክተው በሰጡን መሬት ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዘርተን አንድ ጊዜ ሰበሰብን፤ እሱም የራሱ በሆነ መሬት ላይ ሞተ። በዓመቱ የድሮው ጌታችን ሚስተር ዊትኮምብ በጦርነቱ ስላመፀ መንግሥት የሰጠውን የምሕረት ደብዳቤ ይዞ መሬቱን ሊያስመልስ ተመለሰ። የለኩልን ወታደሮች እነርሱው በሳንጃ አስወጡን። ከኩፊ ጎን ልቀበር ብዬ ባለፈው ወር ዲያቆኑን ወደ ዊትኮምብ ልኬ ነበር። «እዚያ መቃብር የለም፤ ያለው ጥጥ ነው» ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፤ ታርሷል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባገኛችሁት ቦታ አግቡኝ።

ሁለተኛ፤ ወታደሮቹ የሰጡንን የመሬቱን ወረቀት ለመምህር ኦባድያ ትቻለሁ። መሬቱን ማውረስ አልችልም። ወረቀቱ ግን ጽሕፈቱ ግልጽ ነው ስላለኝ፣ ልጆቹ ንባብ ይለማመዱበት።

ሦስተኛ፤ የብረት ድስቴን ለዶርካስ ስጧት። የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጄን ታይተስን ለመሸጥ በፈለጉ ጊዜ ከጥጥ ማከማቻው ውስጥ ሸሽጌው ነበር። ያለበትን ለእርሻው አለቃ የተናገረችው ዶርካስ ናት፤ ልጄ ወደ ሉዊዚያና ተሸጠ። እሱ ከጠፋ በምትኩ የሚሄደው የእሷ ልጅ እንደሆነ ነግረዋት ነበር። ሠላሳ ዓመት አላናገርኳትም። ይቅር ብያት አይደለም ድስቱን የምሰጣት። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እናገር ነበር፤ ይህን ሳልነግራት መሞት አልፈለግሁም።

አራተኛ፤ በቅሎዬን፣ የማጥመጃ ጀልባዬንና ቤቴን፣ ቤቱም በዊትኮምብ መሬት ላይ የቆመ ስለሆነ ሳንቃውን ብቻ፣ በዚህ ከእግሬ ስር ለተቀመጠው ሰው አወርሳለሁ። ደሴቱ ሁሉ ልጄ ታይተስ ነው ይለዋል። የመጣው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከሉዊዚያና ድረስ በእግሩ ነው። በራፍ ላይ ቆሞ፣ «ቢና የምትባል እናት ያለችው እዚህ ነው?» ሲል ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ስሙን እንኳ እስኪናገር አልጠበቅሁም። ከዚያ ውሃ አሙቄ እግሩን ሳጥብ አስሩንም ጣቶች ቆጠርኩ። ልጄ በሰባት ዓመቱ መጥረቢያ ወድቆበት የግራ እግሩ ትንሿ ጣት ተቆርጣ ነበር። እግሩን አድርቄ፣ እራት አቅርቤ ዝም አልኩ።

ዛሬ ግን ዝም አልልም። በምስክሮች ፊት ጠየቅሁት።

«ልጄን የት ነው የቀበርከው?»

«እማማ፣ ተይው በናትሽ!»

«አልተወውም። የእኔን ስም ከእሱ ሌላ ከማን ሰማህ? የት ነው?»

እንዲህ አለኝ። «ከስኳር ማፍሊያው ቤት ጀርባ፣ ረግረጉ ዳር። አንድ ጎጆ ነበር የምናድረው። ጦርነቱ ሊጀመር ሁለት ዓመት ሲቀረው ንዳድ ያዘው።»

«ማን ነበር አብሮህ?»

«ማንም አልነበረም። ጉድጓዱን ብቻዬን ነው የቆፈርኩት። ውሃ እየሞላ አስቸገረኝ።»

«ስለ እኔ ምን አለ?»

«ነጻ ከወጣህ ሂድና ንገራት አለኝ። ከእንግዲህ እንዳትጠብቀኝ በላት አለኝ።»

ወይዘሮ ቲርዛ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። አፌን ሳልከፍት አቀፍሽኝ። እኔን እንደዚያ ያቀፈኝ ሰው የለም። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት ስል ዓመት ሆነ። ኋላ ደግሞ ልጇን አግኝታለች፣ ምን አገባኝ አልኩ።»

«አላገኘሁም። አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ ሞቱን ብጠረጥርም የነገረኝ ስላልነበረ እሱን ስጠብቅ ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመንገደኛው ጀልባ ሲመጣ ወደ ማረፊያው የምወርደው ለምን ይመስልሃል?»

«ዓሣ ልትሸጪ መስሎኝ።»

«ዓሣውንማ አንተ ልትሸጠው ትችል ነበር።»

ስምንት ዓመት፣ እሱ ልቤ እንዳይሰበር ብሎ ዝም አለ፤ እኔ እሱ እንዳይሄድብኝ ብዬ ዝም አልኩ። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ልጄ ረግረጉ ውስጥ ነበር። ሰውየውን አልረገምኩትም። እንጨት ፈልጦልኛል፣ ስታመም አዝሎኛል፣ ሳል ሲያፍነኝ ጀርባዬን ደግፎ ሌሊቱን አንግቷል። ግን ልቤ ዛሬ የያዛትን የመጨረሻ ተስፋ ጥሏል፤ መልሼ የማነሳው አይመስለኝም።

ዲያቆኑ፣ «ቢና፣ በሰማይ ታገኚዋለሽ» አለኝ። ምናልባት። እኔ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው የማውቀው። የሞተው ትልቅ ሰው ሆኖ ነው። ባየው አላውቀውም።

መምህሩ፣ «በውርሱ ላይ ስሙን ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው፣ «ታይተስ በለው፤ ለምጄዋለሁ» አለ።

«አይሆንም» አልኩ። «ታይተስ ሞቷል፤ አሁን ነገርከኝ። እናትህ ያወጣችልህን ንገረው።»

«እናቴን አላውቃትም። አንሰል ይሉኝ ነበር።»

ስምንት ዓመት እንጀራዬን የበላውን ሰው ስም ዛሬ ሰማሁ። በቅሎው፣ ጀልባውና ሳንቃው የአንሰል ይሁን። የሥጋ ዘመድ አይደለም ብሎ የሚከራከር ቢነሳ፣ እኔም እንዳልሆነ አውቄ እንደሰጠሁት ይህ ጽሑፍ ይመስክር።

የምሰጠውም፣ የምጠይቀውም ሌላ የለኝም። መጻፍ ስለማልችል በእጄ ይህን ምልክት አደረግሁ።

የቢና ሪቨርስ ምልክት፦ ✕

ሲነገር የሰማን፣ ምልክቱ ሲደረግ ያየን ምስክሮች፦
ዲያቆን ፕሪንስ ሆልበርት (ፊርማ)
ወይዘሮ ቲርዛ ግሪን፣ ምልክቷ፦ ✕

የጸሐፊው ማረጋገጫ፦ በአራተኛው አንቀጽ ኅዳግ ላይ «ለልጄ ታይተስ» ብዬ አስቀድሜ የጻፍኩትን ሰርዤ «ለአንሰል» ብዬ የተካሁት በተናዛዧ ቃል ነው። ስረዛው ሌላ እጅ ያደረገው አይደለም።
ኦባድያ ፔል፣ መምህር (ፊርማ)